አምሳ አምስት ቀን ወደ ኋላ

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባላል። ስርቆቱን አልሞከርኩትም። ቂም ይዤ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ጸልያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ጸሎቱም አልተጓደለ፣ ቂሙም አልላላ። ይህን የምጽፈው ተጸጽቼ ነው ብላችሁ እንዳትጀምሩት። ግማሹን ተጸጽቻለሁ። ግማሹን ገና እያሰብኩበት ነው።

ናይሮቢ የሄድኩት ሒሳብና ስታቲስቲክስ ልማር ነው። ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከአንድ ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። በክፍላችን ሐበሾች ሁለት ብቻ ነበርን፤ እኔና አንዲት እዚያው ኬንያ ተወልዳ ያደገች ልጅ። የወላጆቿ ቤት ከእኔ ክፍል ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ስለነበር ጠዋት በአንድ ማታቱ፣ ሚኒባስ ማለት ነው፣ ሄደን ማታ በአንድ ማታቱ እንመለሳለን። አማርኛዋ የቤት አማርኛ ነው፤ ይገባታል፣ ስትናገረው ግን መሃል ላይ ትሰለችና ወደ እንግሊዝኛ ትሻገራለች። «ሲስ» ነበር የምትለኝ። እኔም እንደ እህት ነበር የማያት። ይህንንም አልክድም።

በመጨረሻው ዓመት ሒሳቡ አለቀና ሌላ ትምህርት ተጀመረ። ስሙ ወረቀት ላይ ረጅም ነው፤ እኛ ግን «የኮት ክፍል» እንለው ነበር፤ ያለ ኮት መግባት ስለማይቻል። መምህርቷ ብዙ ዓመት ኢንሹራንስ ውስጥ የሠራች፣ ተረከዘ ረጅም ጫማዋ ከሩቅ የሚሰማ የናይሮቢ ሴት ናት። የመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ የነበረውን የሌላ ክፍል ቀመር በሙሉ ጠራርጋ አጠፋችና እንዲህ አለችን፦

«ይህን ቤታችሁ ትታችሁ ኑ። አለቃ ቀመር አይፈልግም። አለቃ የሚጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰኞ ምን ላድርግ? ይህን መመለስ ያልቻለ ሰው የቱንም ያህል ቢያሰላ አስልቷል አልልም።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ የተለማመድነው ነገር ቢነገራችሁ ትስቃላችሁ። ኮሪደር ላይ ተሰልፈን እጅ መጨበጥ እንማራለን፤ ሲጨብጡ አይልመጠመጥ፣ ደግሞም አያሳምም። በር ላይ ቆሞ ስምን መናገር። የአንድ ዓመት ሥራ በሦስት ስላይድ ማሳየት። ወንበር ላይ ሲቀመጡ ቦርሳን የት እንደሚያደርጉ። እኔ ሁለተኛ ዓመት ላይ የከበደኝ ፈተና የለም፤ የኮት ክፍል ግን አስለቀሰኝ። ኮቱ ራሱ የልጅቷ እናት ኮት ነበር፤ ትከሻው ይሰፋኛል።

«አንቺ ስትናገሪ መሬት ላይ የወደቀ መርፌ የምትፈልጊ ነው የምትመስዪው» አለችኝ መምህርቷ በሰው ፊት። «ወደ ላይ! ዓይን ዓይኔን እዪ!»

እንዴት አድርጌ ልያት? እኛ ቤት ትልቅ ሰው ፊት ዓይን ተክሎ መናገር ጥጋብ ነው። አባቴ ሲጠራኝ እንኳን ዓይኑን፣ ጉልበቱንም አላይም ነበር፤ ጫማውን ነበር የማየው።

ያን ቀን ማታቱ ላይ ልጅቷ ሳቀችብኝና እንዲህ አለችኝ፦ «ሲስ፣ ስሚ፣ ዓይናቸውን አትዪ። ቅንድባቸው መሃል እዪ። ያየሻቸው ይመስላቸዋል፣ አንቺም ነውር አልሠራሽም። ሲምፕል!»

መድኃኒት ነበር። ይህን የሰጠችኝ እሷ መሆኗን እዚህ ላይ አስቀምጬ ልለፍ፤ ኋላ ይመጣል።

ከኮት ክፍል ቀጥሎ አታችመንት የሚሉት ነገር አለ። ሁለት ሁለት ሆነን አንድ ኩባንያ ውስጥ እንገባና ኩባንያው የቸገረውን አንድ ጥያቄ በሒሳብ ፈትተን፣ መጨረሻ ላይ በአለቆቹ ፊት ቆመን እናስረዳለን። እኔና ልጅቷ አብረን ተመደብን፤ ኢምባካሲ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ሥጋና ወተት፣ ቅቤና አይብ በማቀዝቀዣ መጋዘን እያስቀመጠ ለምግብ ቤቶች የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ። ሥራ አስኪያጁ ከመጀመሪያው ቀን ቁርጡን ነገሩን፦ «ወንበር ያለኝ አንድ ነው። ከሁለታችሁ አንዳችሁን እወስዳለሁ።»

ለእሷ ያቺ ወንበር ጥሩ ነገር ነበረች። ለእኔ ግን ሌላ ነበረች። እሷ አገሯ ነው፤ አባት አላት፣ እናት አላት፣ እንግሊዝኛ አላት። እኔ ያቺን ወንበር ካላገኘሁ የቀረኝ በር አንድ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ የምሠራበት ኪሌሌሽዋ ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት። አራት ዓመት ሒሳብ ተምሬ ሽንኩርት ልከትፍ ነው ማለት ነው።

የድርጅቱ ጭንቀት ደግሞ እኛው ሐበሾች ነበርን። ከዓመት በፊት ለሐበሻ ቤቶች ማከፋፈል ጀምረው ሊገባቸው አልቻለም። አንዳንድ ሳምንት ሥጋ ያልቅባቸዋል፤ ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ የሚገዛቸው ያጣሉ፤ ከዚያ በአንድ ቀን አገር ሁሉ በግ ይላል። «እነዚህ ሰዎች ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ መሰለኝ» አለ አንዱ ሹፌር። የማስረከቢያ ወረቀቶቹን እንዳየሁ ሳቄ መጣ። ረቡዕ ባዶ፣ ዓርብ ባዶ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባዶ። ይህን ለማወቅ ስታቲስቲክስ አያስፈልግም፤ ጾመኛ መሆን ይበቃል።

ሰንጠረዡ ላይ አንዲት ዓምድ ጨመርኩ። ከአንድና ከዜሮ ሌላ የላትም፤ ጾም ከሆነ አንድ፣ ፍስክ ከሆነ ዜሮ። ከላይዋ አንድ ፊደል ብቻ ጻፍኩ፤ «ጾ»። ያቺ ዓምድ ስትገባ ዓመት ሙሉ የተወሳሰበው ነገር እንደ ክር ተፈታ። የቀኖቹን አቆጣጠር ከማንም አልጠየቅኩም። አባቴ በየዓመቱ መስከረም አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ቆሞ የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት የሚያውጅ ሰው ነበር። ማባዛት የተማርኩት ከትምህርት ቤት አይደለም፤ ከባሕረ ሐሳብ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ የቀን አቆጣጠር ነው፣ ወንበር የሚባለውን የዓመቱን ቁጥር በአሥራ ዘጠኝ እያበዛሁ፣ ሠላሳ ሠላሳውን እየጣልኩ፣ በእሱ ጣቶች ላይ።

ልጅቷ እንዴት እንዳወጣሁት አልጠየቀችኝም። ቤተሰቦቿ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ የእኛን ጾም አይቆጥሩም፣ ጥፋትም አይደለም። ያየችው የሚሠራ ዓምድ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። ያ ዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት ነበር፤ በዚያ ዓመት የእኛ ፋሲካና የፈረንጆቹ ፋሲካ በአንድ እሑድ ዋሉ። ከተማው ሁሉ አብሮን ፈሰከ። ያን ዓመት ብቻ ያየ ሰው ፋሲካ አንድ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

የማስረዳቱ ቀን ተከፋፈልን። እኔ ሰንጠረዡን ከኮምፒውተሩ ላይ አሳያለሁ፣ እሷ ትናገራለች። ይህም በስምምነት ነው። ሥራ አስኪያጁ በዕድሜ የገፉ፣ ጢማቸው የነጣ፣ ኮፍያቸውን ከራሳቸው የማያወርዱ የናይሮቢ ሙስሊም ናቸው፤ ሁሉም «ምዜ» ነው የሚላቸው፣ ሽማግሌ ለማለት። መምህርቷም መጥታ ነበር። ልጅቷ አሳምራ ተናገረች። ምዜ ሰምተው ሲያበቁ ተነሥተው ስክሪኑ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፤ በቀጥታ ዓምዷ ላይ።

«ሥራው ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነው» አሉ። «ይህቺን ያሰባት ማን ነው?»

ዝም አልኩ። መልሱን አጥቼ አይደለም። ሰው ራሱን አያወድስም፤ አጠገቡ ያለው ሰው ነው «እሷ ናት» የሚለው። እንዲህ ነው ያደግኩት። እሷ እንድትለው ጠበቅኩ። አንድ ትንፋሽ ያህል ጠበቅኩ።

«እኔ ነኝ» አለች። «ባህላችን ስለሆነ አውቀዋለሁ። እሷ ደግሞ ዳታውን ታይፕ በማድረግ በጣም ረድታኛለች።» ብላም ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች፤ በጣም የሚለውን ለእኔ ብላ የጨመረችው ያህል።

መሬት አየሁ። መርፌዬን ፈለግኩ።

ወንበሯን ወሰደች። በሚቀጥለው ሳምንት መምህርቷ ቢሮ ሄጄ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና «ለምን ያኔ አልተናገርሽም?» አለችኝ። «ልጄ፣ ንግድ ውስጥ ያልተናገረ አልሠራም።» በሩን ስዘጋ ይህን ቃል ይዤው ወጣሁ። እሺ፣ አልኩ። ያልተናገረ አልሠራም ከሆነ፣ ያልተናገረ አልበደለምም።

ከምረቃ በኋላ የምግብ ቤቱ ሥራ የሳምንት ሙሉ ሆነ። ባለቤቷ እትዬ የምላቸው፣ ምላሳቸው የሚቆርጥ ልባቸው የሚራራ ሴትዮ ናቸው። ሽንኩርቱን ቀነሱልኝና ዕቃ መረከብ ሰጡኝ። ከማን? ከኢምባካሲው ድርጅት። በሳምንት ሦስት ቀን መኪናው በጓሮ በር ይመጣል፣ እኔ ልቆጥርና ልፈርም እወጣለሁ። የማስረከቢያው ወረቀት ግርጌ ላይ «ዕቅዱን ያዘጋጀችው» የሚል አለ፣ ከጎኑም የእሷ ስም። እየፈረምኩ ስሟን አነባለሁ። ጠዋት ጸሎቴን ስደግም ጠላት የሚል ቃል ላይ ስደርስ ድምፄ ከፍ ይል ነበር መሰለኝ፣ አንድ ቀን የጎረቤቴ ልጅ ግድግዳውን መታችብኝ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ በዋለው ረቡዕ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ልጅቷ ምግብ ቤቱ ድረስ መጣች። ኮቷ የራሷ ነው። ሳመችኝ። የጠረጴዛ ካላንደር ከቦርሳዋ አወጣችና ፊቴ ዘረጋችው።

«ሲስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያቺ ኮለም የዘንድሮዋን መሙላት አለብኝ። ከኢስተር አምሳ አምስት ቀን ወደ ኋላ ነው አይደል የሚጀምረው? አምና ስቆጥረው እንደዛ ነው የመጣልኝ።»

ካላንደሩ ላይ የፈረንጆቹን ፋሲካ በቀይ ከብባዋለች። ከእሱ ወደ ኋላ በእርሳስ ቆጥራ ጥር መጨረሻ ላይ ሌላ ክብ አድርጋለች። ቆጠራው ልቅም ያለ ነው። ቀይዋ ክብ ግን የእኛ ፋሲካ አይደለችም። በዘጠና ሰባት ሁለቱ ፋሲካዎች አምስት ሳምንት ተራርቀው ነበር። እኔ መስከረም አንድ ቀን ጠዋት አውጥቼዋለሁ፤ መጥቅዕ፣ ከብዜቱ የሚተርፈው፣ አሥር፣ ጥቅምት አሥር ረቡዕ ይውላል፣ የረቡዕ ተውሳክ፣ የዕለቱ ጭማሪ፣ አራት፣ ሲደመር አሥራ አራት። ነነዌ የካቲት አሥራ አራት። ዐቢይ ጾም የካቲት ሃያ ስምንት። ፋሲካ ሚያዝያ ሃያ ሦስት። እሷ ጾሙን የምታስገባው ሰው ሁሉ ሥጋ በሚበላበት በጥር ነው። የምትፈስከው ደግሞ በጾሙ እኩሌታ።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ይሄ የነሱ ነው» ብል ይበቃ ነበር።

ካላንደሩን አነሣሁና በጣቴ ቆጠርኩት፤ እንዳልሳሳት ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት። «መቀነሱን ልክ ቀንሰሻል» አልኳት። «አምሳ አምስት ነው።»

«ጎሽ! አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?»

«ታይፕ ታደርጊዋለሽ» አልኳት።

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች፣ ሳመችኝና ሄደች። አልዋሸሁም። አንዲት ሐሰት ከአፌ አልወጣችም። ያን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜን ነበርኩ፣ ውኃም አልቀመስኩም፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሽሮዬን በታላቅ ደስታ በላሁ።

የካቲት ሊገባ ሲል መኪናው ግማሽ ባዶ መምጣት ጀመረ። እትዬ ጓሮ ድረስ ወጡ።

«ሥጋዬስ?»

ሹፌሩ ትከሻውን ሰበቀ። «ኮምፒውተሩ ነው፣ ማማ። ሐበሾች ጾም ላይ ናቸው ብሏል።»

ተረጎምኩላቸው። እትዬ ወገባቸውን ያዙ። «ጾሙን ማን አስገባው? እኔ ሳልሰማ ሲኖዶስ ተሰበሰበ እንዴ? ኮምፒውተሩ ይጹም ከፈለገ፣ እኔ ቤት ሰው ክትፎ አዟል!»

የቅበላው ሰሞን ደግሞ ባሰ። ሐበሻ ሁሉ ከሁለት ወር ጾም በፊት የመጨረሻ ሥጋውን የሚበላበት ሰሞን ነው፤ ሳውዝ ሲም ኪሌሌሽዋም ያሉ ቤቶች ሁሉ ሥጋ አጥተው ወደ ሌላ አከፋፋይ ሮጡ። እትዬም ሮጡ። እኔ መኪናው በመጣ ቁጥር ባዶውን ወረቀት እየፈረምኩ፣ ስሟን እያነበብኩ፣ አንድም ነገር አልተናገርኩም። ያልተናገረ አልሠራም።

ከዚያ ጾሙ ገባ፣ ሥጋ ከቤታችን ወጣ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ መኪናው ጓሮው ውስጥ ገባና በሩ ሲከፈት እግዚኦ! በግ ተሰቅሏል፣ ቅቤ ተደርድሯል፣ አይቡ በባልዲ። ሹፌሩ እንደ ሙሽራ ሚዜ እየሳቀ ወረደ።

«ሄሪ ያ ፓሳካ!» አለ። መልካም ፋሲካ ማለቱ ነው።

እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ለማን ነው ይሄ ሁሉ? ለጅብ?»

«ለፋሲካ ነዋ፣ ማማ። ነገ እኮ ነው።»

«የማን ፋሲካ? የኔ ጌታ ገና መቼ ተሰቀለ?» አሉና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። በሰሙት ቤቶች ሁሉ እንደዚያው ተሳቀ፤ በጉም በመጣበት ተመለሰ። እኔ አልሳቅኩም። ዕቃ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ቆምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህንንም አልክድም።

በማግሥቱ ከተማው ሲፈስክ እኛ ቤተ ክርስቲያን ነበርን። የመጻጉዕ እሑድ ነው። ያ ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋው ላይ የተኛው ሰው፣ ውኃው ሲናወጥ ሁልጊዜ ሌላው የሚቀድመው። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ «እኔ ነኝ፣ ጌታዬ፣ ቀደመችኝ» አልኩ። ሰባኪው ግን በዚያ አላበቁም። ያ ሰው ከዳነ በኋላ ያዳነውን በጥፊ መታ ይባላል፣ ብለው የታወቀውን ነገር አነሡ። በዚያ በኩል እኔ የቷ እንደሆንኩ ማሰብ አልፈለግኩም። ቅዳሴው እስኪያልቅ ስለ በጎቹ አሰብኩ።

ረቡዕ ዕለት ምዜ ራሳቸው መጡ። ፊታቸው ከስቷል። እትዬ በእጃቸው እያወሩ ሊያስረዷቸው ሞከሩና አልሆን ሲላቸው ወደ ጓዳ ጮኹ፦ «አንቺ ሒሳብ የተማርሽ! ነዪ ለዚህ ሽማግሌ ጾማችንን አስረጂልኝ!»

ሽርጤን ፈትቼ ወጣሁ። ወዲያው አላወቁኝም። ተቀመጥኩ፤ ቦርሳ የለኝም እንጂ የት እንደማስቀምጠው አውቅ ነበር። ከማዘዣው ደብተር አንድ ወረቀት ገነጠልኩና ቅንድባቸው መሃል እያየሁ መናገር ጀመርኩ። ፋሲካ ሁለት መሆኑን፣ አምና እንደገጠሙ፣ ዘንድሮ እንደተለያዩ። መጥቅዕ እንዴት እንደሚወጣ፣ ነነዌ እንዴት እንደሚወድቅ፣ ከነነዌ አሥራ አራት ቀን ቆጥሮ ጾሙ እንዴት እንደሚገባ።

ምዜ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አዩት፣ ከዚያ ሳይታሰብ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። «የእኛ ረመዳን እኮ በየዓመቱ ይዞራል! ስድሳ ዓመት ስዞር ከእሱ ጋር ዞሬያለሁ። የእናንተስ ይዞር ይሆን ብዬ እንዴት አልጠየቅኩም?» ቀና አሉ። «ስክሪኑ አጠገብ የነበርሽው ልጅ ነሽ። ያቺ ኮለም የማን ናት?»

«የእኔ ናት» አልኩ።

ዘጠኝ ወር የዘገየች ሁለት ቃል ናት። ጣፈጠችኝ።

«ልጅቷ ሰው ጠይቄያለሁ ብላኛለች» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺን ነው?»

እዚህ ላይ መዋሸት ይቻል ነበር። ወንበሯ ፊቴ ነበረች። ግን ይህን ሁሉ ወር ሳልዋሽ መጥቼ አሁን ልዋሽ?

«እኔን ነው። መቀነስሽ ልክ ነው አልኳት። ልክ ነበር። የተነሣችበት ቀን የተሳሳተ መሆኑን ግን አልነገርኳትም።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ቢንቲ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «መጋዘኔ ውስጥ የተበላሸው አይብ አንቺን ምን በደለሽ?»

«አይቡ አልበደለኝም፣ ምዜ።»

ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት። እትዬ አማርኛ እንዳልሆነ ረስተው ከበሩ ሆነው ያዳምጣሉ። በመጨረሻ ምዜ ወረቀቱን አጠፉና ኪሳቸው ከተቱት።

«እሺ። ሰኞ ምን ላድርግ?» አሉ።

ጥያቄዋን አወቅኳት። «አይቡን ዛሬ ለኬንያ ቤቶች ይሽጡ፣ ሳምንት አይቆይም። ቅቤውን ያቆዩት። ለሐበሻ ቤት እስከ ሚያዝያ አጋማሽ አንድ ኪሎ ሥጋ አይላኩ። ከሆሳዕና በኋላ ሐሙስ ይጀምሩ፣ ቅዳሜ ሦስት መኪና ያስፈልግዎታል። ቅቤው ያኔ ያልቃል።»

«ሳታውቅ አውቃለሁ ያለችኝም፣ እያወቀች ዝም ያለችኝም እኩል አከሰሩኝ» አሉ ሲነሡ። «አንቺ ግን ስትጠየቂ ተናገርሽ። ሰኞ ነዪ። የምትጀምሪው ዳታ በመጻፍ ነው፤ ታይፕ በማድረግ። ሦስት ወር አይሻለሁ።»

ታይፕ በማድረግ። እሺ አልኩ። ለዚያች ወንበር ወለሉንም እጠርግ ነበር።

ሰኞ ስገባ ልጅቷ ዓርብ ተሰናብታለች። ኩባያዋ ጠረጴዛው ላይ፣ ካላንደሩም ከነቀይ ክቡ። ኩባያውን አጥቤ በመልእክተኛ ላክሁላት። ሰንጠረዡን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ያዘጋጀችው» ይልና ስሟ አለ። አንድ ጊዜ መትቶ ማጥፋት ይቻላል፤ እኔ ግን አንድ አንድ ፊደል እያልኩ አጠፋሁት፣ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው። ከዚያ የእኔን ጻፍኩ። ከዚያ የጾሙን ዓምድ ሞላሁ። ፋሲካ ሲደርስ ቅዳሜ ዕለት ሦስቱም መኪናዎች የጫኑትን ሁሉ አራግፈው ባዶ ተመለሱ።

በቀሉ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ልጅቷ ግን በሁለት ወር ውስጥ ባንክ ገባች። ኮት ክፍል ውስጥ ከሁላችንም አንደኛ የወጣችው እሷ እኮ ናት። ከሳውዝ ሲ ማታቱ መሳፈሪያው ላይ ፊት ለፊት ተገናኘን፤ አዲስ ቦርሳ ይዛለች። አልሳመችኝም።

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ። አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አልጨመረችበትም።

«ብትናገሪልኝስ ምን ነበረበት?» አልኳት።

ማታቱው መጣ። እሷ ከፊት ገባች፣ እኔ ከኋላ። እስከ ከተማ ድረስ ጀርባዋን አየሁት።

ለፍልሰታ ጾም ልቆርብ ፈልጌ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም አወራሁላቸው፤ ካላንደሩን፣ አይቡን፣ ዕቃ ቤት ውስጥ የተደሰትኩትን። «ግን አባ፣ አልዋሸሁም» ብዬ ጨረስኩ።

«ረቡዕ ነበር አልሽ? ጾመሽ ነበር?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት።»

«ከከብት ሥጋ ተከልክለሽ የእህትሽን ሥጋ በላሽ» አሉኝ። ስግደት ሰጡኝ፣ እሱ አልከበደኝም። ከዚያ ሌላ ጨመሩ፦ «በየዓመቱ መስከረም አንድ ቀን አባትሽ እንዳስተማረሽ ታወጫለሽ። ያወጣሽውን ለእሷ ትልኪያለሽ። ጾሙን፣ ፋሲካውን፣ ሁሉን።»

«እስከ መቼ፣ አባ?»

«እስኪወጣልሽ።»

ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት አላጎደልኩም። መስከረም አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ወንበሩን በአሥራ ዘጠኝ አበዛለሁ፣ ሠላሳ ሠላሳውን እጥላለሁ፣ ሁለት ጊዜ አረጋግጣለሁ። ከዚያ ሞባይሌን አወጣና እጽፍላታለሁ፦ ነነዌ ይህን ቀን፣ ዐቢይ ጾም ይህን ቀን፣ ፋሲካ ይህን ቀን። የእነሱ ፋሲካ የተለየ እንደሆነም ለይቼ እጽፋለሁ፤ ሥራዬን በጥንቃቄ ነው የምሠራው። እሷም አይቼዋለሁ እንደማለት አንዲት «ኦኬ» ትልክልኛለች።

እንኳን አደረሰሽ አልልበትም። እሱን ጨምሪ አባ አላሉኝም።